ምግብን በትንሽ በትንሹ ቀንሶ ክብደት መቀነስ፦ ከየቱ ይጀመራል? መቼስ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል?

ሸራራፊዋ

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ቁጥሩን ላስቀድም፦ ሴት፣ 38 ዓመት፣ 1.66 ሜትር፣ 84 ኪሎ፣ ሥራ ቁጭ ተብሎ የሚዋልበት፣ ስኳርም ደም ግፊትም የለም። ግቡ 74 ኪሎ ነው። ከባድ ዳይት አልፈልግም። የለመድኩትን ምግብ ሳልጥል ከላዩ ጥቂት ጥቂት እየሸራረፍኩ መሄድ ነው ሐሳቡ።

ዝርዝሬ ይቺ ናት፦ የሻይ ስኳር መተው (በቀን 3 ሻይ፣ በእያንዳንዱ 3 ማንኪያ)፣ ዘይት መቀነስ፣ ሩዝና ዳቦ መቀነስ፣ ከሰዓት የምትጠጣውን አንዲት ለስላሳ በውሃ መተካት፣ ከመሸ በኋላ አለመብላት።

ሁሉንም ሰኞ ልጀምር ወይስ በየተራ? በየተራ ከሆነ የቱ ይቅደም? ወደ ቀጣዩ የሚታለፈውስ መቼ ነው? ደግሞ አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ነው ይባላል። በቀን 250 ብቀንስ በወር አንድ ኪሎ፣ በ10 ወር 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህ ስሌት ያስኬዳል?

ስነ ምግብ 7

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚያ ላይ ነውና። 7,700 የሚለው ቁጥር ራሱ ደህና ነው። ችግሩ ሰውነት በቀለለ ቁጥር የሚያወጣው ጉልበትም መቀነሱ ነው። 84 ኪሎ ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰውና 78 ኪሎ ይዞ የሚወጣ ሰው እኩል አያቃጥሉም፤ ቁጭ ብለውም ቢሆን እኩል አያቃጥሉም። ስለዚህ ያቺ 250 ካሎሪ በመጀመሪያው ወር እንደጠበቅሽው ትሠራና በየወሩ ጉልበቷ እየሳሳ ይሄዳል።

ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ስሌት ለዚህ ነገር የተሻለ ነው። በቋሚነት የምትቀንሻት እያንዳንዷ 24 ካሎሪ በቀን ውሎ አድሮ አንድ ኪሎ ገደማ ታወርዳለች። ግማሹ የሚወርደው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ 95 በመቶው ለመውረድ 3 ዓመት ያህል ይወስዳል። ባንቺ ቁጥር ሲሰላ 250 ካሎሪ በርግጥም 10 ኪሎ ያወርዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት የምታይው ግን 5 ኪሎ ገደማውን ነው። 10 ኪሎውን በአንድ ዓመት ውስጥ ማየት ከፈለግሽ ቅነሳው በእርከን 500 አካባቢ መድረስ አለበት። ከዚያ 74 ላይ ስትደርሺ ግማሹን ወደ ማዕድ መመለስ ትችያለሽ፤ እዚያው ለመቆየት የሚያስፈልገው 250ው ብቻ ነውና። ይህን መጨረሻ ላይ መመለስ የሚባለውን ነገር ማንም አይነግርሽም።

አሁን ወደ ተራው። ለስላሳዋ ትቅደም። 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይዞ 140 ካሎሪ አለው፤ ሆድ ግን እንደ ምግብ አይቆጥረውም፤ ብትጠጪውም ባትጠጪውም እራትሽን ያንኑ ያህል ትበያለሽ። ስለዚህ ሲቀርም የሚያስርብ ነገር የለውም። ጭማቂ ልተካ ካልሽ ግን አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ የብርቱካን ጭማቂ፣ 110 ካሎሪ ስለሆነ ያተረፍሽው ጥቂት ነው። ብርቱካኑን ራሱን ብትበዪ 60 ነው፤ ማኘኩም ያጠግባል።

ሁለተኛ የሻይ ስኳር። የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው። ዘጠኝ ማንኪያ 144 ካሎሪ። የተቆለለ ማንኪያ ከሆነ ግን እስከ 7 ግራም ስለሚይዝ «ሦስት ማንኪያ» የምትይው አምስት ሊሆን ይችላል። በአንዴ አትተዪው። መጀመሪያ ሦስቱን ማንኪያ እንዳለ ይዘሽ አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክዪ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆነው ሁለት ተኩል፣ ከዚያ ሁለት፣ እንዲህ እያልሽ ውረጂ። ምላስ የሚለምደው በሳምንታት ነው፤ በአንድ ቀን ከሦስት ወደ ዜሮ የወረደ ሰው በአስረኛው ቀን ወደ ሦስት ተመልሶ ታገኚዋለሽ።

ሦስተኛ ዘይት፤ ስለሱ እዚህ በ«ጓዳ» ስም የሚጽፈው ሰው የተሻለ ይናገራል። ሩዝና ዳቦ ወደ መጨረሻ ይሁኑ፤ ሆድ የሚይዙት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን የቆረጠ ሰው ማታ ጓዳ ሲበረብር ይገኛል። «ከመሸ አለመብላት» የሚለውን ደግሞ ለጊዜው ተዪው። ዋናው ጥቅሙ ማታ የሚቃመውን ማስቀረቱ ነው እንጂ ሰዓቱ ራሱ የሚሠራው ተአምር የለም።

ወደ ቀጣዩ መቼ? የመጀመሪያው ማሰብ ሳይጠይቅሽ ሲቀር። ፊሊፓ ላሊ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሠርታ በ2010 ያወጣችው ጥናት አንድ አዲስ ልማድ በራሱ እስኪሄድ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን መሆኑን አሳይቷል፤ ክልሉ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ነው። ስለዚህ «በ21 ቀን ይለመዳል» የሚለውን እርሺው። አንድ ቀን ማለፍም ልማዱን አላፈረሰም። በተግባር እኔ የምመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ ካለፉት 14 ቀናት ቢያንስ 12ቱን ያለ ትግል ካደረግሽው ቀጣዩን ጨምሪ፤ ከ9 እስከ 11 ከሆነ እዚያው ቆዪ፤ ከዚያ በታች ከሆነ እርምጃው ትልቅ ነበር ማለት ነውና በግማሹ ቁረጪው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ካሳ ይሉታል። ስኳሩ የቀረበት ሻይ ብቻውን ስለማይጥም ብስኩት ይጠራል። አንዲት 10 ግራም ብስኩት 48 ካሎሪ ገደማ ናት። ሦስት ሻይ ከሦስት ብስኩት ጋር 144። ከላይ ካየሽው ቁጥር ጋር አስተያይው፤ ወር ሙሉ መራራ ሻይ ተጠጥቶ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጓዳ

ዘይትን በተመለከተ። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ፣ 120 ካሎሪ ነው። አንድ ሊትር ጠርሙስ 8,300 ገደማ። እያንዳንዱን ወጥ መለካት ሳያስፈልግ የቤቱን ዘይት ማወቅ ይቻላል፦ ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ ጻፊ፤ ያለቀ ቀን ቁጠሪ። አራት ሰው ባለበት ቤት ሊትሩ በ6 ቀን ካለቀ ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ፣ ማለትም 345 ካሎሪ ይደርሰዋል። ያው ጠርሙስ 9 ቀን ከቆየ 28 ሚሊ፣ 230 ካሎሪ። ማንም ሳይራብ 115 ካሎሪ ወረደ ማለት ነው። የማብሰያውን ዓይነት መለወጥም ሳያስፈልግ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ስድስት ማንኪያ የሚገባበትን ድስት በአንድ ቀን ሁለት ያደርጉታል። ሽንኩርቱ ይይዛል፣ ያርራል፣ ምግቡ እጅ እጅ ይላል፣ የቤት ሰው ያኮርፋል፣ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ እንደድሮው ይገለበጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማንኪያ ብቻ ቀንሺ።

አሠራሩም ይለወጥ። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገሽ ከትፈሽ፣ ቁንጥር ጨው ነስንሰሽበት፣ ያለ ዘይት በድስቱ ላይ በዝቅተኛ እሳት ክዳን ገጥመሽ አስጀምሪው። ጨው ውሃውን ስለሚያወጣው ለአምስት ስድስት ደቂቃ በራሱ ውሃ ይበስላል። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ በማንኪያ ጠብ አድርጊ። ቀዝቃዛ ውሃ አይሁን፤ ድስቱን ያቀዘቅዘውና ሽንኩርቱ ከመብሰል ይልቅ ይቀቀላል። ውሃው መጦ ሽንኩርቱ ሲለሰልስ፣ ያኔ የለካሽውን ዘይት ጨምረሽ ቅመሙን እዚያ ዘይት ላይ አቁላዪው። የብዙ ቅመም ሽታና ጣዕም የሚወጣው በስብ ውስጥ ስለሆነ ጥቂቷ ዘይት ሥራዋን የምትሠራው ቅመም ሲያገኛት ነው። ዘይቱ መጀመሪያ ከገባ ግን ሽንኩርቱ ይመጠውና ቅመሙ ላይ ሲደርስ ድስቱ ደርቆ ሌላ ማንኪያ ይጠይቃል።

ለእንቁላል የማይዝ መጥበሻና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት (5 ሚሊ፣ 40 ካሎሪ) ይበቃል። በጥልቅ ዘይት ስለሚጠበስ ነገር ደግሞ ረጅም ነገር አልናገርም፦ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 85 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያው 100 ግራም ተጠብሶ ወደ 300 ይጠጋል።

የተረሳው ዘይት ሰላጣ ላይ ያለው ነው። ቀጥታ ከጠርሙስ «ትንሽ» የምትፈስ ዘይት ሦስት ማንኪያ ሆና ትገኛለች። 360 ካሎሪ የለበሰ ሰላጣ ከዳቦው ይበልጣል። ዘይቱን በማንኪያ ለክተሽ ከሎሚና ከጨው ጋር በብርጭቆ ምቺውና አፍሺበት፤ ግማሹ ዘይት ሁሉንም ቅጠል ያዳርሳል።

ሸራራፊዋ

ስነ ምግብ፣ ጓዳ፣ እጃችሁ ይባረክ። የዘይት ጠርሙሱ ነገር ገባኝ፤ ዛሬውኑ ቀን ተጻፈበት። አንድ ሌላ ጥያቄ፦ ሚዛን ላይ በየቀኑ ይወጣል ወይስ በሳምንት? ቅዳሜ 83.1 ያለ ሚዛን ሰኞ 84.4 ካለ የቱን ነው የማምነው?

አማካይ

ሁለቱንም አትመኚ። 1.3 ኪሎ ስብ በሁለት ቀን ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያወጣው በላይ 10,000 ካሎሪ መብላት ነበረብሽ። አልበላሽም። የጨመረው ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው።

ከየት መጣ? ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አላቸው፤ በአዋቂ ሰው ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሁለት ቀን ዳቦና ሩዝ ሲቀነስ ክምችቱ ይጎድላል፣ ውሃውም ይወጣል፤ እሑድ በርከት ተደርጎ ሲበላ ሁለቱም ይመለሳሉ። ጨው የበዛበት እራትም ውሃ ያስራል። በሴቶች ላይ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት አንድ ሁለት ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው። «በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም ይህንኑ ውሃ ነው የሚሸጡት፤ ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

በየቀኑ ተመዘኚ፤ ነገር ግን የምታነቢው የ7 ቀኑን አማካይ ይሁን። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ፣ ሚዛኑ ጠንካራ ወለል ላይ ሆኖ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል፤ ወለሉ ላይ ቦታው በተቀየረ ቁጥርም ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል አንድ ቦታ አይነቀነቅ።

ምሳሌ እንይ፤ ከማክሰኞ እስከ ሰኞ፦ 84.2፣ 83.9፣ 84.0፣ 83.6፣ 83.1፣ 83.8፣ 84.4። አማካዩ 83.9። ቀጣዩ ሳምንት 84.1፣ 83.7፣ 83.8፣ 83.4፣ 83.3፣ 83.6፣ 83.7 ቢሆን አማካዩ 83.7። ቅዳሜን ከቅዳሜ ላነጻጸረ ሰው ከ83.1 ወደ 83.3 ጨምሯል። በአማካይ ላየው ግን 200 ግራም ወርዷል፤ ይህም በቀን 220 ካሎሪ ገደማ ጉድለት ነው፤ ለስላሳዋና ግማሽ የሻይ ስኳርሽ ልክ ያንን ያህል ናቸው።

አራት ሳምንት ሳይሞላ ፍርድ የለም። የወር አበባ የሚመጣ ከሆነ ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሪ። አራት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ካልተነቃነቀ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው፤ «ሰውነቴ አልቀንስ አለ» የሚለው የመጨረሻው ይሁን። በ1992 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት «ዳይት አይሠራልኝም» የሚሉ ሰዎችን በትክክል ሲለካ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ ያህል አሳንሰው ሪፖርት አድርገው ተገኙ። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም፤ ዓይን ስለሚሳሳት ነው። ሦስት ቀን ብቻ፣ አንዱ የእረፍት ቀን የሆነ፣ እየቀመሱ የሚበሉትን ጨምረሽ ጻፊ። የጠፋው ካሎሪ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወጥ ሲቀመስ፣ የልጅ ትራፊ ሲጠረግና ኦቾሎኒ ሲቆረጠም ነው። 30 ግራም ኦቾሎኒ፣ አንድ እፍኝ፣ 170 ካሎሪ ነው።

ተቃዋሚ ሐሳብ

የሁላችሁም ምክር ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ተሸፍኖ አይለፍ። «በፍጥነት የወረደ በፍጥነት ይመለሳል» የሚለው አባባል ያን ያህል የቆመ አይደለም። በ2014 የታተመው የሜልበርን ጥናት 200 ገደማ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ፤ ለአንዱ ቡድን 12 ሳምንት ፈጣን፣ ለሌላው 36 ሳምንት ቀስ ያለ ቅነሳ ሰጠ። የታሰበውን 12.5 በመቶ ቅነሳ ያሳኩት ከፈጣኑ 81 በመቶ፣ ከቀስተኛው 50 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት ሁለቱም ቡድኖች ከቀነሱት 71 በመቶ ገደማ መልሰው ጨመሩ። ቀስ ማለት ብቻውን ከመመለስ አላዳነም። ጠያቂዋ ይህን አውቃ ትግባ።

ስነ ምግብ 7

ልክ ነው፤ እኔም አልክድም። ግን ጥናቱን በደንብ እይው፦ ሁለቱም ቡድኖች የያዙት መነሻና መጨረሻ ያለው ፕሮግራም ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። እኛ እዚህ የምናወራው ማብቂያ ስለሌለው ለውጥ ነው። ሻይን በአንድ ማንኪያ የለመደ ምላስ 74 ኪሎ ሲደረስ ወደ ሦስት የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለውጥ የሚቀርበው ፈተና አንድ ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላም ይህን እያደረግሽ ራስሽን ታያለሽ? ካላየሽ ከዝርዝሩ ሰርዢው።

ወደ ሩዝና ዳቦው ልመለስ፤ እርከን አራት ላይ ስትደርሺ ያስፈልግሻል። ከመቀነስ ይልቅ መለወጥ ይሻላል። የበሰለ ሩዝ በ100 ግራም 130 ካሎሪ ነው፤ የተቀቀለ ጎመን ወይም ካሮት ከ25 እስከ 40። ከሳህንሽ 150 ግራም ሩዝ አንስተሽ 150 ግራም አትክልት ብትተኪ ሳህኑ እንደሞላ ሆኖ 140 ካሎሪ ይወርዳል። ስህተቱ ሩዙን ሳያነሱ አትክልቱን መደረብ ነው፤ ያውም በሁለት ማንኪያ ዘይት ጠብሰው። ሩዝ ስትለኪ ደግሞ ጥሬውንና የበሰለውን አታምታቺ፤ 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 350 ካሎሪ ነው፣ ሲበስል ወደ 280 ግራም ይሆናል። በጥሬው ቁጥር የበሰለውን የመዘነ ሰው ራሱን በከንቱ ያስርባል።

በየማዕዱ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ አይጥፋ። ፕሮቲን ያጠግባል፤ ከስቡ ጋር ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድም ያግዛል። ላንቺ በቀን 90 ግራም ገደማ ፕሮቲን ጥሩ ልክ ነው፤ ሦስት ቦታ ከፍለሽ አስቢው። ከቻልሽ ደግሞ በፋብሪካ የተቀናበረውን አሳንሺ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሆል በ2019 ባወጣው ሙከራ 20 ሰዎች በፋብሪካ የተቀናበረ ምግብ እንዳሻቸው ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ የቀረቡት ሁለቱ ማዕዶች በስኳር፣ በስብና በፋይበር የተመጣጠኑ ሆነው ሳለ። ፈጥነው ነበር የሚበሉት። ሳህን ማሳነስ የሚባለውን ግን በበኩሌ ብዙም አላምንበትም፤ ሁለተኛ ዙር ካለ ሳህኑ ምን አገባው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ደግሞ፦ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን ሳያስተካክል አይጀምር። የግፊት መድኃኒት የሚወስድም ክብደቱ ወርዶ ከተቀመጠበት ሲነሳ ካዞረው ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህ የመቀነስ ምክር አይመለከታቸውም። ምንም ሳይቀንሱ ክብደት ከወረደ ደግሞ ደስታ አይደለም፤ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሸራራፊዋ

ተግባብተናል፤ ለስላሳዋ ብቻ ትቀድማለች፣ ሌላው ይጠብቃል። ጓዳ፣ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የመለኪያ ማንኪያ በሌለበት ቤት 15 ሚሊ በምን ይታወቃል?

ጓዳ

በሽሮፕ መድኃኒት ክዳን። አብሮት የሚመጣው ትንሽ ላስቲክ ስኒ 5፣ 10፣ 15 የሚል መስመር አለው። አጥበሽ 15 ላይ ውሃ ሙዪና ቤት ባለው የሾርባ ማንኪያ ላይ ገልብጪው። ብዙዎቹ የገበታ ማንኪያዎች 10 ወይም 12 ሚሊ ላይ ይፈሳሉ፤ ጥልቅ የሆኑት 18 ይይዛሉ። የትኛው ማንኪያ ስንት እንደሚይዝ አንዴ ካወቅሽ በኋላ ያንኑ አንድ ማንኪያ ለይተሽ ከዘይቱ ጠርሙስ አንገት ላይ በክር እሰሪው፤ ካልታሰረ ሳምንት ሳይሞላው ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል።